ቲያትር ቤት የተቀመጡት «ሮማውያን»

ጥያቄ፦ የቲያትር ተማሪ ነኝ። የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የኦኖሬ ዶሚዬን አንድ ሥዕል ለክፍል ሥራ መርጬ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ እንዲህ ተረጎምኩት፦ «ፓሪሳውያን ለማስደሰት አስቸጋሪ ናቸው ይባላል። በእነዚህ አራት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አንድም ያልተደሰተ የለም። እነዚህ ፈረንሳውያን ሁሉ ሮማውያን መሆናቸው እውነት ነው።» መምህሬ «ቀልዱ የታለ?» አሉኝ። «ሮማውያን» የሚለውን «አጨብጫቢዎች» ብዬ ልለውጠው? ሥዕሉንስ «በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ካርቱን» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ መምህርዎ እውነታቸውን ነው። ቀልዱ የጠፋው ግን «ሮማውያን» በሚለው ቃል ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ያለው «እውነት ነው»ም ገድሎታል። የፈረንሳይኛው ሐረግ ነገሩን የሚያጸድቅ ይመስልና ቀደም ብሎ የተባለውን መልሶ የሚንድ ነው። ለዚህ አማርኛ ሁነኛ ቃል አለው፤ «ለነገሩ»። «ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ለነገሩ አባቱ ነው ፈተናውን የሚያወጣው» ስንል የምናደርገውን ያስቡ። «እውነት ነው» ካሉ አንባቢ ምስክርነት እንጂ ሽሙጥ አይሰማም። «ለማስደሰት አስቸጋሪ ናቸው»ም ከባዕድ ቋንቋ የተገለበጠ ነው፤ «የፓሪስን ሰው ደስ ማሰኘት ከባድ ነው» ቢሉት ያምራል። «ያልተደሰተ»ንም «ቅር ያለው» ይተካዋል።

አሁን ወደ ሮማውያኑ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፓሪስ ቲያትር ቤቶች ጭብጨባ የሚገዛ ዕቃ ነበር። አለቃ ያላቸው ቅጥር አጨብጫቢዎች ነበሩ፤ አለቃው ከቲያትር ቤቱ ጋር ይዋዋልና ሰዎቹን በነጻ ትኬት አስገብቶ ከትልቁ የጣሪያ መብራት ሥር ያስቀምጣቸዋል። በዚህም የተነሣ «የመብራቱ ፈረሰኞች» የሚል የፌዝ ማዕረግ ወጥቶላቸው ነበር። ሥራውም ክፍፍል ነበረው። አንዱ በሚያስቀው ቦታ ይስቃል፣ ሌላዋ በሚያሳዝነው መሐረብ ታወጣለች፣ ሌላው «ይደገም!» እያለ ይጮኻል። «ሮማውያን» የሚለውን ቅጽል ስም ከጥንቱ የሮም ንጉሠ ነገሥት ከኔሮ ጋር ያያይዙታል፤ ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒዩስ እንደጻፈው፣ ኔሮ ሲዘፍን የሚያጨበጭቡለት ከ5,000 የሚበልጡ ጎልማሶች ተመልምለው ነበር።

ስለዚህ የዶሚዬ ዘመን አንባቢ ቃሉን ሲያይ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። የቅኔ ተማሪ ቢያየው «ኅብረ ቃሉ ሮማውያን፤ ሰሙ የሮም ሰዎች፣ ወርቁ ቅጥር አጨብጫቢዎች» ብሎ ይፈታዋል። ኅብረ ቃልን ደግሞ ፈትቶ መተርጎም ቅኔውን ማፍረስ ነው። «አጨብጫቢዎች» ካሉ ሥዕሉ ራሱ የሚያሳየውን ደገሙት እንጂ ምን ጨመሩ? ከዚያም በላይ ዛሬ በእኛ ዘንድ አጨብጫቢ ማለት ሹም ያለውን ሁሉ የሚያወድስ ማለት ሆኗል፤ ዶሚዬ እዚህ የሣላቸው ግን የምሽት ሥራቸውን የሚሠሩ ደመወዝተኞች ናቸው። (እርግጥ በሹማምንትም አፊዟል፤ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ሆዳም ግዙፍ አድርጎ በመሣሉ በ1832 እ.ኤ.አ. ታስሯል። በ1835 የወጣው ሕግ የፖለቲካ ስላቅን ሲዘጋ ነው እሱና ባልደረቦቹ ፊታቸውን ወደ ፍርድ ቤቱ፣ ወደ ገበያውና ወደ ቲያትር ቤቱ ያዞሩት።)

«ሮማውያን»ን እንዳለ ይተዉት፤ ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ያክሉበት። አጻጻፉም «ሮማውያን» እንጂ «ሮማዊያን» አይደለም።

«የተቀረጸ» የሚለውን ግን ይሰርዙት። በዚህ ኅትመት ድንጋዩ አይፈለፈልም። ሠዓሊው በለሰለሰ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይሥላል፤ ድንጋዩ በውኃ ይረጥባል፤ ቅባታማው ቀለም ከውኃው ሸሽቶ ቅባቱ ላይ ብቻ ይያዛል፤ ከዚያ ወረቀት ይጫንበታል። ሥዕሉ በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ስለሚወጣ ሠዓሊው ቀኙን በግራ አድርጎ ነው የሚሥለው። በየቀኑ ይወጣ ለነበረው «ሻሪቫሪ» ጋዜጣ የተስማማውም ከመቅረጽ ይልቅ ፈጣን ስለሆነ ነው። «የድንጋይ ኅትመት» ይበሉት፤ «ሊቶግራፍ»ም ያስኬዳል። «ካርቱን» ስሕተት ባይሆንም ብዙ አንባቢ የልጆች ፊልም ስለሚመጣበት እኔ «የስላቅ ሥዕል» እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ «ዶሚዬ እንዲህ አለ» ብለው አይጻፉ። ከሥዕሎቹ ሥር ያሉትን ቃላት ብዙ ጊዜ የሚጽፉት የጋዜጣው ሰዎች ነበሩ። «ከሥዕሉ ሥር እንደተጻፈው» ማለት ይበቃል፤ እንዲህ፦

«የፓሪስን ሰው ደስ ማሰኘት ከባድ ነው ይባላል። በእነዚህ አራት አግዳሚዎች ላይ ግን ቅር ያለው አንድም የለም፤ ለነገሩ እነዚህ ፈረንሳዮች ሁሉ ሮማውያን ናቸው።» («ሻሪቫሪ»፣ 1864 እ.ኤ.አ.፤ ሮማውያን፦ በፓሪስ ቲያትር ቤቶች የቅጥር አጨብጫቢዎች ቅጽል ስም።)