ረቂቁ ገና ረቂቅ ሳለ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ወጣት ነጋዴ «ጋሼ፣ ሕግ ለማስቀየር ማንን ማወቅ ያስፈልጋል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተናደድኩ። የዛሬ ልጆች ሁሉም ነገር በትውውቅ የሚገኝ ይመስላችኋል። ንዴቱ ሲበርድልኝ ግን የ2000 ዓ.ም. የደሴ ቆዳ ነጋዴዎች ትዝ አሉኝና እንቅልፍ ነሱኝ።

ያን ጊዜ የበርካቶቹን ሂሳብ የምሠራው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ ታክስ እንዲከፈልበት ታወጀ። ዓላማው ቆዳው እዚሁ ለፍቶና አልቆ እንዲወጣ ነው፤ ዓላማውን ዛሬም እደግፈዋለሁ። የእኛ ሰዎች ግን ላኪዎች አልነበሩም። ከየገጠሩ ገበያ ሌጦ ሰብስበው፣ ጨው ነስንሰው ለፋብሪካ ያስረክባሉ። አዋጁን የሰሙት ገዢዎቻቸው ዋጋ ሲሰብሩባቸው ነው። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ገበያ ወደቀ።

ከመካከላቸው አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ለገጠር ሰብሳቢዎች ያለ ውል፣ በቃል ብቻ ገንዘብ የሚሰጡ። ቤታቸው የሄደ ሰው ቡናውን ሦስተኛ ሳይጠጣ አይወጣም ነበር፤ ስለ ንግድ የማውቀውን ግማሹን የተማርኩት እዚያ ተቀምጬ ነው። የተቆለለውን ሌጦ እያዩ «አብሽሩ፣ መንግሥት ሽማግሌ ይሰማል» አሉ። ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አንድ ቄስም ተጨመሩ፤ ወሎ ሁለቱን ሃይማኖት ሳያቀላቅል ለሽምግልና አይነሳም። አዲስ አበባ ያገኙት ኃላፊ በአክብሮት አስቀመጣቸውና «ረቂቁ ለውይይት ሲቀርብ የት ነበራችሁ?» ሲል ጠየቃቸው። በእጃቸው ስንት ሌጦ እንዳለ፣ በዚህ ሥራ ስንት ቤተሰብ እንደሚተዳደር፣ የትኛው አንቀጽ እንዴት ቢጻፍ እንደሚሻል የሚያሳይ አንድ ገጽ እንኳ አልያዙም። የያዙት አቤቱታ ብቻ ነበር። ሐጂ በዓመቱ መጋዘናቸውን አከራዩ። የሚፈልጉት ብዙ አልነበረም፤ ላከማቹት ዕቃ የጥቂት ወራት መተንፈሻ ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የሕጉ መንገድ ድብቅ አይደለም። የፌዴራል አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ በሚኒስቴር ተረቅቆ፣ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ለተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል፤ ከዚያም ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ነጋዴ የሚጠራበት መድረክ የሚከፈተው ያኔ ነው። ከጸደቀ በኋላ የሚቀረው ርዕሰ ብሔሩ በ15 ቀን ውስጥ እንዲፈርምበት ማቅረብ ነው። ሁሉም ነገር ደግሞ አዲስ አበባ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት በግለሰብ ነጋዴ ትርፍ ላይ ግብር የሚጥለው ክልሉ ነው። የደሴ ባለሱቅ ጉዳይ ባሕር ዳር ይወሰናል፣ የክልሉ ሕጎች በሚወጡበት ጋዜጣ፣ በዝክረ ሕግም ይታተማል።

ስለዚህ ረቂቁን ተከታትሎ ጉዳያችሁን የሚያስረዳላችሁ ባለሙያ ቅጠሩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የፌዴራል ሕግ አግባቢው፣ ማለትም ሕግ አውጪዎችን እንዲያሳምን የተቀጠረው ሰው፣ ተመዝግቦ ማን እንደቀጠረው እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል፤ ክፍለ ግዛቶቹም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። እንዲህ በግልጽ መሠራቱን እወድደዋለሁ። በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያለ ኩባንያ ጠበቃ ያቆማል፤ የሰኞ ገበያ ነጋዴ ግን ብቻውን አቅሙ አይፈቅድለትም። በአዋጅ ቁጥር 341/1995 የተደራጁት ንግድ ምክር ቤቶች ለዚህ ናቸው። መዋጮ ስትጠየቁ አትሽሹ። ስለ ጉቦ አልጽፍም፤ ታውቁታላችሁ።

ሰው ማወቅ አያስፈልግም ብዬ ብቆጣም አርቃቂውን ባለሙያ ግን እወቁት፤ ሚኒስትሩን ሳይሆን እሱን። ብዙው ነገር የሚያልቀው እሱ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ሱቅ የሚያዘጋው ደግሞ ከአዋጁ ይልቅ መሥሪያ ቤቱ አዋጁን ለማስፈጸም የሚያወጣው መመሪያ ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ይፋ አድርጎ አስተያየት እንዲቀበል ያዛል። እናንተ በስልካችሁ ከእኛ ዘመን ሰው ቀድማችሁ ታገኙታላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። አስተያየታችሁን በቁጥር አስደግፋችሁ በጽሑፍ አስገቡ፣ ገቢ የሆነበት ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ለራሳችሁ አስቀሩ።