ሩቅያ ልሂድ ወይስ ሀኪም ቤት? ላልሽው እህቴ

ወዐለይኪ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ እህቴ። ከጂዳ ከተመለስሽ ጀምሮ እንቅልፍ እንደራቀሽ፣ ሌሊት ልብሽ እየመታ እንደምትባንኚ፣ ሶላት ላይ ቆመሽ እንኳ እንባሽ እንደሚቀድምሽ ጽፈሻል። ለደላላ ብለሽ የተበደርሽውም ገና አላለቀም። ቤተሰብ «ኢማንሽ ደክሞ ነው» ይልሻል፣ ጎረቤት ደግሞ «አይነ ናስ ነው፣ ሩቅያ ውሰዷት፣ ቁርኣን ይነበብባት»። አንቺ የጠየቅሽኝ ከሩቅያና ከሀኪም የቱ ይሻላል፣ ክኒን ብወስድስ ተወኩሌ (በአላህ መመካቴ) ይጎድላል ወይ ብለሽ ነው።

ሁለቱንም አድርጊ፣ ተወኩልሽም አይጎድልም። ኡስታዝም ሀኪምም አይደለሁም፤ ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ይሄው ነገር ይዞኝ ስለነበር ያለፍኩበትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ያቺን «ኢማንሽ ደክሞ ነው» የምትል ወሬ አትስሚያት። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ደርሰዋል፤ የሚነግረን ቁርኣን ራሱ ነው። ልጆቻቸው ሲወቅሷቸውም «ጭንቀቴንና ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው» አሉ እንጂ አላዘንኩም አላሉም። የነቢይን ኢማን የሚጠራጠር ማን ነው? አነስ ኢብን ማሊክ እንደነገሩን ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አብዝተው ከሚያደርጓቸው ዱዓዎች አንዱ «አላሁመ ኢኒ አዑዙ ቢከ ሚነል ሀሚ ወል ሐዘን» ብሎ የሚጀምረው ነው፤ የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግበውታል። እስከ መጨረሻው አንብቢው። ከጭንቀትና ከሐዘን አልፎ ከአቅመ ቢስነት፣ ከስንፍና፣ ከዕዳ ክብደትና ከሰዎች ጫና ጥበቃ ይጠየቅበታል። በብድር ተጨንቃ የማትተኛ ልጅ ይሄን ዱዓ ስትል ስለ ራሷ የተባለ ነው የሚመስላት።

ዚክሩን በትንሹ ያዢው። እኔ ያኔ አንዷ ሺህ ጊዜ ኢስቲግፋር፣ ሌላዋ ይሄን ሱራ አርባ ጊዜ እያሉ ሲጭኑብኝ ሳልጨርስ አድርና በላዩ ላይ ጸጸት ይጨመርብኝ ነበር። የያዘልኝ ትንሹ ነው፦ ጠዋትና ማታ ኢኽላስ፣ ፈለቅና ናስ የሚባሉትን አጫጭር ሱራዎች ሦስት ሦስት ጊዜ፤ መኝታ ላይ እነሱኑ ቀርቶ (አንብቦ) መዳፍ ላይ እፍ ብሎ ከራስ ጀምሮ እጅ የደረሰበትን ሰውነት ማበስ። ይህ ረሱል ራሳቸው የሚያደርጉት እንደነበር ባለቤታቸው እናታችን ዓኢሻ ነግረውናል። ሩቅያ ማለት ይሄም ነው፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ራቂም (ሩቅያ የሚያደርግ ሰው) አያስፈልገውም። ኒፋስ (የወሊድ ደም) ላይ ሆኜ መስገድ ስላልቻልኩ ከአላህ የተቆረጥኩ መስሎኝ እንዴት እንዳለቀስኩ! አራስ ባትሰግድም ዚክርና ዱዓ እንዳልተከለከለች ለእያንዳንዷ ወላድ የሚነግራት ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ሩቅያ ቤቱ። ቤተሰቦቼ አንድ ቦታ ወስደውኝ ነበር። ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተደርድረን፣ እያንዳንዳችን ለትውከት የሚሆን ጥቁር ፌስታል ይዘን፣ ድምፅ ማጉያው ጆሯችን ሥር እየጮኸ ቁርኣን ይቀራል። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ስትጮህ ሁላችንም ተንቀጠቀጥን። እኔ ከቂርአቱ ይልቅ ጩኸቱ ነው ያንቀጠቀጠኝ፤ ራቂው ግን «አየሽ፣ ይኸው ወጣ» አለኝ። ስንወጣ በር ላይ የተቀራበት ውሃና ዘይት በጠርሙስ ይሸጣል። ልቡ የተጨነቀ ሰው እዚያ መሃል ምን ዕረፍት ያገኛል? በኋላ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ሼህ ቤታችን መጥተው፣ እናቴ ባለችበት፣ ፋቲሓንና አየተል ኩርሲን ቀስ ብለው ቀሩልኝና ሻይ ጠጥተው ሄዱ። የዚያን ለሊት ተኛሁ።

ዑለሞቹ ለሩቅያ ያስቀመጡት መስፈርት ብዙ አይደለም፦ በአላህ ቃል ወይም በስሞቹ መሆን፣ ቋንቋው የሚታወቅ መሆን፣ ፈዋሹ አላህ እንጂ ቂርአቱ በራሱ እንዳልሆነ ማመን። የእናትሽን ስም የሚጠይቅሽ፣ ሂርዝ (ክታብ) እሰሪ የሚልሽ፣ ይሄን መልክ ያለው ዶሮ እረጂ የሚልሽ ራቂ አይደለም፤ ጫማሽን አድርገሽ ውጪ። ብቻሽን ክፍል ልግባ የሚልም እንዲሁ። «የሀኪሙን ክኒን ጣይው» የሚልሽን ግን ከሁሉም በላይ ፍሪው።

ከምግቡ ተልቢናን፣ የገብስ ሾርባውን፣ እመክርሻለሁ። እናታችን ዓኢሻ ቤተሰብ ሲሞትባቸው፣ ለቅሶ የመጡት ሴቶች ሲበተኑ፣ በድስት ያሠሩ ነበር፤ የታማሚን ልብ ታሳርፋለች፣ ከሐዘንም የተወሰነውን ትወስዳለች ብለው ረሱል ሲናገሩ ሰምቻለሁ ይሉ ነበር። የተወሰነውን ነው የተባለው፤ እኔም ከገብስ ሾርባ ከዚያ በላይ አልጠብቅም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያልተነፋ የገብስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጪ (ሙቅ ላይ ከጨመርሽው ይጓጉላል)፣ በለሰለሰ እሳት እያማሰልሽ አብስዪ፣ እንደ አጥሚት ሲሆን ወተት ጨምረሽ አውጪና ማር ጠብ አድርጊበት። እህል አልወርድ ሲለኝ እሱ ብቻ ነበር የሚወርደኝ። ጥቁር አዝሙድም ቢሆን ሐዲሱ አለ፤ ግን የስኳር ወይም የደም ግፊት ክኒን የሚወስድ ሰው በማንኪያ ከመዋጡ በፊት ሀኪሙን ያናግር።

ስለ ጫት አልጠየቅሽም፤ እኛ ወሎዎች ጋ ግን ሳይነሳ አያልፍም። ወዳጃውን፣ ተሰብስቦ ዱዓ ማድረጉን፣ እወደዋለሁ፣ መንዙማው ልብ ያርሳል፣ ሰው ተሰብስቦ «አሚን» ሲልልሽ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይሰማሻል። ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ አሚን በዪ። ጫቱን ግን እለፊው። እንቅልፍ ለሌለው ሰው ምርቃናው እንቅልፉን ጨርሶ ይነሳል፣ ማግስቱን ደግሞ ዱካኩ ይመጣል።

ወደ ሀኪም። «የአላህ ባሮች ሆይ ታከሙ፤ አላህ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያላኖረለት በሽታ የለም» የሚለው ሐዲስ ለጨጓራ ብቻ አልተነገረም። ከ850 እስከ 934 የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ የሚባሉ ሙስሊም ሊቅ እንኳ ያኔውኑ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘንና ምክንያቱ የማይታወቀውን ለይተው፣ ሁለተኛው ከሰውነት የሚመጣ ስለሆነ ሰውነትም ይታከም ብለው ጽፈዋል። ስለዚህ ክኒን የፈረንጅ ነገር ነው የሚልሽ ካለ ይሄን ንገሪው።

እኔን ያየችኝ ዶክተር መጀመሪያ ደም አስመረመረችኝ፤ የደም ማነስና የእንቅርት ችግርም ልብ ያስመታል፣ ያደክማል አለች። አንቺም ይሄን ጠይቂ። ከዚያ ፍሉኦክሰቲን አዘዘችልኝ፣ ጡት እንደማጠባም ጠይቃ ነው። ቶሎ እንዳይመስልሽ፤ ሳምንታት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ሆድ ሊያቅለሸልሽና ጭንቀቱን ትንሽ ሊያባብሰው ይችላል። ብዙዎች እዚህ ጋ ነው የሚያቋርጡት። ሲሻልሽም በራስሽ አታቁሚ፣ አቀናንሶ የሚያስቆምሽ ሀኪሙ ነው። ሱስ የሚያስይዘውና ይሄኛው አንድ አይደሉም፤ ለእንቅልፍ ብለሽ ከፋርማሲ በዘፈቀደ የምትገዢውን ተጠንቀቂ።

በጽሑፍሽ መጨረሻ «አንዳንዴ ባልነቃ ይሻለኛል» ያልሽውን አይቻለሁ። ይሄን ዛሬውኑ ለአንድ የምታምኚው ሰው በአፍሽ ንገሪ፣ ለሀኪሙም ሳትደብቂ። ራስሽን ለመጉዳት ማሰብ ከጀመርሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ሰው ይዘሽ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። እንዲህ ያለ ሐሳብ መምጣቱ ሕመሙ ነው፣ ወንጀል ሠርተሽ አይደለም።

ረመዳንን ስለጠየቅሽው፦ እንዲህ ያለው ክኒን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ስለሚወሰድ ወደ ስሁር ወይም ኢፍጣር ይዛወራል፤ ከረመዳን በፊት ባለው ወር፣ ሻዕባን ላይ፣ ሀኪምሽን አማክሪ። መጾም አትችዪም ካለሽ ለታማሚ ሌላ ቀን እንዳለው የቁርኣኑ አያ ግልጽ ነው። እናትሽ «የእብድ ሆስፒታል» እያለች ከፈራች ደግሞ አትከራከሪያት፤ ጠዋት ሼሁ ቤት መጥተው ይቅሩልሽ፣ ከሰዓት እሷን ይዘሽ ተመርመሪ። የኔ እናት በዚህ ነው እሺ ያለችው፤ አሁን ክኒኑን ያልረሳሁ መሆኔን የምትጠይቀኝ እሷ ናት።