አሥራት እና የሠራተኛው ላብ

ጥያቄ፦ መምህር፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ የሀብት ሁሉ ምንጭ የሰው ጉልበት ነው የሚል ትምህርት ሰማሁ። አባቴ ብሎኬት ያመርታል፤ አሥራት ሲያወጣ «እግዚአብሔር የሰጠኝ ነው» ይላል። ይህ የሠራተኞቹን ላብ መካድ አይሆንም?

መልስ፦ ልጄ፣ ለሠራተኞቹ መቆርቆርህ ደስ ይላል። አባትህም ያለው እውነት ነው። እምነቱ የሚፈተነው ግን በደመወዝ ቀን ነው።

ከትምህርትህ ልነሳ። «የሀብት ሁሉ ምንጭ ጉልበት ነው» የሚለውን አባባል ካርል ማርክስ ራሱ ተቃውሞታል። እ.ኤ.አ. በ1875 የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲ ዓላማውን ለመዘርዘር ያረቀቀውን የጎታ ፕሮግራም የተባለ ሰነድ ሲተች፣ ተፈጥሮም የዚያኑ ያህል ምንጭ ናት አለ። ምክንያቱን ልብ በል፦ ተፈጥሮ ከተረሳች፣ መሬቱንና መሣሪያውን ማን እንደያዘው አብሮ ይረሳል። ከጉልበቱ በቀር ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ሠርቶ የሚያድረው የመሬቱና የመሣሪያው ባለቤቶች ሲፈቅዱለት ነው። ከዚያ በፊት በ1662 እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ጸሐፊ ዊሊያም ፔቲ የሀብት አባቱ ሥራ፣ እናቱ መሬት ናት ብሎ ነበር። ማርክስ አማኝ አልነበረም፤ ይህን ግን በደንብ አይቶታል።

መጽሐፍ ቅዱስም ሁለቱን አይነጣጥልም። አዳም ገነትን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት የታዘዘው ገና ሳይበድል ነው። ምድር ከነሞላዋ የእግዚአብሔር ናት። ዘዳግም 8 ደግሞ ባለጸጋው «ይህን ያመጣልኝ የእጄ ብርታት ነው» እንዳይል ይከለክለዋል፤ ጉልበቱም የተሰጠው ነውና።

ቅዳሴውን አስበው። ስንዴው ተፈጭቶና ተቦክቶ ኅብስት ይሆናል። ዘቢቡ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል። መንበሩ ላይ የሚወጣው የእግዚአብሔር ስጦታ የሰው እጅ ያረፈበት ነው።

አባትህ ግቢ ያለውን አሸዋም ማንም ሰው አልፈጠረውም። ከሲሚንቶ ጋር ያቦካው፣ ከቅርጹ አውጥቶ የደረደረው፣ እንዳይሰነጠቅ ውሃ ያጠጣው ግን የቀን ሠራተኛው ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር ሰጠኝ» ያለ ሰው «ሁሉም የእኔ ነው» ማለት አይችልም። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ የተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ዘዳግም 24 የድሃው ምንዳ ፀሐይ ሳትገባ ይሰጠው ይላል።

እንግዲህ ለሠራተኛ ያልተከፈለ ብር የአባትህ ገንዘብ አይደለም፤ አሥራትም አይወጣበትም። በአክብሮት ጠይቀው። ያደረ ክፍያ ካለ መጀመሪያ ለባለቤቱ ይድረስ፤ አሥራቱ ከቀረው ይሰላል።