ዝውውር ለምትጠብቁ ልጆች

ባለፈው አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ገና መመረቋ ነው። ሶማሌ ክልል፣ ደገሃቡር ተመድባለች። «ጋሼ፣ ሶማሊኛ በስንት ወር ይለመዳል?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅም «ለነገሩ ዝውውር እስኪመጣ ነው፤ አስተርጓሚም አለ ብለውኛል» ብላ ራሷ ዘጋችው።

ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። ይቺን «ዝውውር እስኪመጣ» የምትባል ነገር አውቃታለሁ። እኔም ጅጅጋ ስሄድ ይዣት ነው የሄድኩት። ያኔ ከመሀል አገር የተመደብን ሠራተኞች ሁላችንም ያው ነበርን። ማታ ማታ እንሰበሰባለን፣ ካርታ እንጫወታለን፣ ማን ዝውውር እንደተፈቀደለት እናወራለን። አብሮን የሚሠራው ሶማሌ አማርኛ ይችላል። ገበያም ብንሄድ፣ ቢሮም ብንገባ በአማርኛ እንግባባለን። ካልቸገረው ማን ቋንቋ ይማራል?

የሚቸግረው ከተማውን ሲለቁ ነው።

በአንድ ጂላል፣ ማለትም ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከደገሃቡር ወጣ ብሎ ካለ ቢርካ አጠገብ ግመል ስናክም ዋልን። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። በሽታው እከክ ነበር። ግመል ማከም ጉልበት ይፈጃል። ማንበርከክ አለ፣ የፊት እግሯን ማሰር አለ፣ ከንክሻዋ መሸሽ አለ። አንዷ አልበረከክም ብላ ወጣቶቹን ስታንገላታ፣ ጢማቸውን ሒና የተቀቡ አንድ ሽማግሌ ቀረብ አሉና አንገቷን ያዝ አደረጉ። ከዚያ አንድ ነገር ማለት ጀመሩ። ዘፈን እንዳልለው ዝግ ይላል፤ ወሬ እንዳልለው ዜማ አለው። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ጀሪካናቸውን መሬት አስቀመጡ። አስተርጓሚዬ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እኔ መርፌ እየሞላሁ ነበር። ቋንቋው ባይገባኝም አንድ ነገር ጆሮዬ ገባ። ሰውየው ደጋግመው «ገ» ላይ ይመለሳሉ። ጌ፣ ጉ፣ ጋ፣ ስንኙ በተቀየረ ቁጥር ያቺው ድምፅ ትመጣለች። ሲጨርሱ አስተርጓሚዬን «ምን አሉ?» አልኩት። «ግመል እያመሰገኑ ነው» አለኝ። አለቀ። ግመሏ በረከከች፣ ወጋኋት፣ ቀጣይዋ መጣች።

ልጁን አልወቅሰውም። የተቀጠረው «ከመቼ ጀምሮ ታመመች? ትታለባለች ወይ?» የሚለውን እንዲያስተረጉም ነው። ግጥም እንዲያስተረጉም ማንም አልከፈለውም።

በኋላ ነው የገባኝ። የሰማሁት ጋባይ ነበር። ጋባይ ከሶማሌ የግጥም ዓይነቶች ትልቁና የተከበረው ነው። የኛ ግጥም ቤት የሚመታው ስንኙ መጨረሻ ላይ ነው። እነሱ ግን አንድ ድምፅ ይመርጡና በእያንዳንዱ ግማሽ ስንኝ ውስጥ በዚያ ድምፅ የሚጀምር ቃል ያስገባሉ። በ«ገ» የጀመረ፣ መቶ ስንኝም ቢሆን በ«ገ» ይዘልቃል። ግመል ደግሞ በሶማሊኛ ጌል ነው፤ ድምፁ የተመረጠው ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። የሌላ ሰው ጋባይ በቃሉ የሚወጣ ሰው አስቀድሞ የገጣሚውን ስም ይጠራል። «እገሌ እንዲህ አለ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ቃል መቀየርም፣ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። ሽማግሌውም ሲጀምሩ አንድ ነገር ብለው ትንሽ ቆም ብለው ነበር። ስም ይሆናል። ያቺን ስም ብይዛት ግጥሙን ባገኘሁት ነበር። ቋንቋው ጆሮዬ ከለመደ በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅኩ። «በገ የሚሄድ፣ ስለ ግመል» ስል ይስቁብኛል። አንዱማ «ስንቱን ልንገርህ? ቁጭ በል» ብሎ እስኪመሽ አወረደልኝ። የኔው ይኑርበት አይኑርበት በምን አውቃለሁ? ወደ ቢርካውም ተመልሼ ነበር። ሰዎቹ ግጦሽ ፍለጋ ተነሥተው ሄደዋል።

እና ልጆች፣ በስንት ወር ለሚለው መልስ የለኝም። ሰላምታውን ሳትፈልጉትም ትይዙታላችሁ፤ ስለሱ አላወራም። ቁጥሩም ቀላል ነው። ኦሮምኛ የምትችሉ ደግሞ ሻን፣ አፋር፣ ሰጋል ሲባል ስትሰሙ ዘመድ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ኩሻዊ ከሚባለው አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸውና።

ድምፁን ግን አደራ። ሶማሊኛ በላቲን ፊደል የሚጻፈው የሶማሊያ መንግሥት በጥቅምት 1965 ዓ.ም. ከወሰነ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት በዐረብኛ ፊደልም፣ ኡስማንያ በሚባል አገር በቀል ፊደልም ይጻፍ ነበር። እኛ ደግሞ ላቲን ስናይ እንግሊዝኛ ይመስለናል። ኤክስ ተጽፎ ስታዩ «ሐ» ብላችሁ አንብቡ፤ «ሲ» የሚባለውን የላቲን ፊደል ደግሞ «ዐ»። አንድ ቢሮ ወረፋ ይዘን ሳለ ከመሀል አገር የመጣው ጸሐፊ «ካብዲ! ካብዲ የለም?» እያለ ሲጮህ ትዝ ይለኛል። ዐብዲ ፊቱ ቆሞ ካብዲ የሚባለውን ሰውዬ በዓይኑ ይፈልጋል። ሐ እና ዐ በፊደላችን አሉ፤ በአፋችን የሉም። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካላችሁ እሱ ያስተምራችሁ። «ቀ»ንም እንደኛው አታፈንዱት፤ የዐረብኛውን ቃፍ ነው የሚመስለው። ደግሞ «ኢናን» የምትባል ቃል አለች። መጀመሪያዋ ላይ ድምፅ ከፍ ካለ ወንድ ልጅ ነው፤ መጨረሻዋ ላይ ከፍ ካለ ሴት ልጅ። ሲጻፉ ልዩነት የላቸውም። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም፤ ሰው አፍ ላይ ነው ያለው።

ሰዋስው ከባድ ነው ብለው ያስፈራሯችኋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል አይደለም። ግሱ መጨረሻ ይመጣል፣ እንደኛው። ፈረንጆችን የሚያደናግረው «ባ» የሚባለው ነገር ነው። እኛ «ዐሊ መጥቷል» እና «የመጣው ዐሊ ነው» ስንል እንለያቸው የለ? «ዐሊ ዋ ዪሚድ» የመጀመሪያው ነው፤ «ዐሊ ባ ዪሚድ» ሁለተኛው። ለ፣ በ፣ ከ የምንላቸው ደግሞ ከስሙ ተነጥለው ግሱ ፊት ይሰለፋሉ፤ ኡ፣ ኩ፣ ካ እየተባለ። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ለሚል ሰው ይሄ ብርቅ አይሆንበትም። ግራ ያጋባኝ ጾታው ነው። ሆዮ፣ እናት፣ የሴት ምልክት ይዛ «ሆያዳ» ትባላለች። እናቶች ሲሆኑ ግን የወንዱን ምልክት ይወስዱና «ሆዮዪንካ» ይባላሉ። አባቶች በተራቸው የሴቱን። ለምን ብላችሁ አትድከሙ፤ እኔ ደክሜ ያተረፍኩት የለም።

«እኛ»ም ሁለት ነው። «ኢናጋ» ስትሉ የምታናግሩት ሰው አለበት። «አናጋ» ስትሉ እሱን አስወጥታችሁታል። ስብሰባ ላይ «አናጋ ቢርካውን እንጠርጋለን» ያለ ባለሙያ፣ ሕዝቡ እጁን አጣምሮ ቢመለከተው ቅር አይበለው።

የዛሬ ልጆች ቶሎ ይሰለቻችኋል። ቅር አይበላችሁና፣ ስልክ የማይመልሰው ጥያቄ ያለ አይመስላችሁም። በስልክ እየተረጎመ ገጠር የገባ ልጅ አይቻለሁ፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ እሱም ዲዳ ሆነ። ስልኩን ወዲያ በሉትና ሻይ የምታፈላውን ሴትዮ አናግሩ። እረኛውን አናግሩ። መንጋው ጌል፣ ሴቷ ሃል፣ ጭነት የሚሸከመው አውር፣ ግልገሏ ኒሪግ መሆኗን በአንድ ከሰዓት ያስተምራችኋል፤ ስትሳሳቱም አይምራችሁም።

ደግሞ ሳስበው የምቀናባችሁ በዚሁ ስልክ ነው። ያን ቀን መቅጃ ቢኖረኝ ይሄን ሁሉ ባልቀባጠርኩ። እና ሰው ሲያወራ፣ ሲገጥም፣ አስፈቅዳችሁ ቅዱ። ዛሬ ባይገባችሁ የዛሬ ዓመት ይገባችኋል። ሬዲዮም ስሙ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ በሶማሊኛ ያሰራጫል። መጀመሪያ ላይ የሰውና የቦታ ስም ብቻ ነው የምትይዙት፤ ግዴለም።

ትንሽ ከቆያችሁ ቅጽል ስም ይወጣላችኋል። ሶማሌ ቅጽል ስም ሲያወጣ አይሸፋፍንም። ረጅሙን ዼሬ፣ አጭሩን ጋብ ይለዋል፤ ለሹምም አይመለስም። አትቀየሙ። ትርጉሙን ግን ቶሎ ጠይቁ። እኔ የራሴን የሰማሁት መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሲጠራኝ ከርሞ ነው። እዚህ አልጽፈውም።