ስለ ኮምጣጣ አፈርና ስለ ፒኤች ጠይቁኝ

ሥራዬ የአፈር ናሙና መመርመር ነው። ስለ አሲድ፣ ስለ ቤዝ (የአሲድ ተቃራኒ) እና ስለ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥር) የከበዳችሁን ጠይቁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ የአፈሩን ፒኤች ሳታስለኩ ኖራ አትበትኑ።

ተማሪ፦ ፒኤች 5 እና 7 ያን ያህል ይራራቃሉ?

መልስ፦ መቶ እጥፍ! ዴንማርካዊው ሶረን ሶረንሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 ልኬቱን ሲያወጣ እያንዳንዱን ቁጥር በአሥር እጥፍ ለየው። ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል፤ 7 ገለልተኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ቤዝ ነው።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ ማሳዬ ገብስ እምቢ ብሏል። ዩሪያ ብጨምርም ቢጫ ሆኖ ይቀራል።

መልስ፦ የምጠብቀው ጥያቄ መጣ። በደጋው ብዙ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየምን አጥቦ ይወስዳል፤ ቦታቸውን ሃይድሮጂንና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ አፈሩም ኮምጣጣ ይሆናል። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የሥሩን ጫፍ ያቀጭጨዋል። ሥር ካጠረ ደግሞ ውሃውም ምግቡም ይቀራል። ፎስፈረሱንም አስሮ ስለሚይዘው በውድ የገዙት ማዳበሪያ አፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ዩሪያ ራሱ በአፈር ውስጥ ወደ ናይትሬት ሲለወጥ አሲድ ይጨምራል፤ ስለዚህ ዩሪያ ብቻ እየደረቡ መሄድ ችግሩን ያባብሰዋል። መድኃኒቱ የግብርና ኖራ ነው፤ ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። ግን ሳያስለኩ አይበትኑ።

ከአዲስ አበባ፦ ለሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ?

መልስ፦ የየትኛው አፈር? ፒኤቹ ስንት ነው? አስለኩ።

ከደብረ ማርቆስ፦ በኖራ ከመድከም እንደ አዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል መሸጥ ይሻላል።

ከዳንግላ፦ ወንድሜ፣ ከሰል አይበላም።

ከደብረ ማርቆስ፦ በገንዘቡ እህል ይገዛል።

ከዳንግላ፦ ሁላችንም ዛፍ ከተከልን እህሉን ማን ያመርታል?

መልስ፦ ፋግታም ቢሆን በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራል። ክርክሩን ለብቻ አድርጉት፤ እዚህ ስለ ፒኤች ነው።

የቤት እመቤት፦ እርሾ አሲድ ነው?

መልስ፦ አዎ። ሊጡ ሲቦካ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ ይሠራሉ።

ሌላ ጠያቂ፦ ሎሚ ደምን አልካላይ (ቤዝ) ያደርጋል?

መልስ፦ አያደርግም። ሳንባና ኩላሊት የደምን ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ይጠብቁታል። የቀረውን ሐኪም ጠይቁ።

ከዳንግላ፦ አመድስ ኖራን ይተካል?

መልስ፦ ቤዝ ስለሆነ ለጓሮ ይረዳል፤ ለሰፊ ማሳ ግን የሚበቃ አመድ ከየት ይመጣል?

ከአዲስ አበባ፦ እሺ፣ በግምት ስንት ኩንታል?

መልስ፦ ሁለተኛ ጊዜ ነው! በግምት የለም። ከማሳው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ቦታ፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ይውሰዱ፤ ደባልቀው አንድ ኪሎ ያህል ወደ ቅርብ የአፈር ላቦራቶሪ ይላኩ። ውጤቱን ይዘው ሲመጡ ኩንታሉን አብረን እናሰላለን።