በአዲስ አበባ ዳር ቤት ለሚያከራዩ፦ ብድር፣ ውልና ተከራይ (ጥያቄና መልስ)

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባለኝ ግቢ አራት ሰርቪስ ክፍሎች ለዓመታት ሳከራይ ቆይቻለሁ። ጥቂት ክፍሎች ይዘው በኪራይ ኑሮአቸውን ለመደጎም የሚያስቡ ሰዎች ላቀረቡልኝ ጥያቄዎች፣ ከሕጉም ከራሴም ልምድ የማውቀውን እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አያት ባለው ግቢዬ ጓሮ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች ለመሥራት አንድ ሚሊዮን ብር ከባንክ ልበደር አስቤአለሁ። ኪራዩ ዕዳውን ይሸፍንልኛል?

መልስ፦ በምሳሌ እናስላው። 1,000,000 ብር በ16 በመቶ ወለድ በ10 ዓመት የሚመለስ ሆኖ ቢበደሩ ወርኃዊ ክፍያው 16,750 ብር ገደማ ይሆናል፤ በአሥሩ ዓመት የሚመልሱት ጠቅላላ ገንዘብም ከ2 ሚሊዮን ብር ያልፋል። እያንዳንዱ ክፍል በ6,000 ብር ቢከራይ በወር 18,000 ብር ስለሚያገኙ፣ በወረቀት ላይ 1,250 ብር ይተርፍዎታል። ይሁን እንጂ አንዱ ክፍል ለሁለት ወር ባዶ ቢቀመጥ 9,500 ብር ከኪስዎ ይጨምራሉ፤ ይህም ከሰባት ወር በላይ የሚጠራቀመውን ትርፍ ይበላል። ግብሩ፣ ቀለሙና የፍሳሽ መኪናው ገና አልተቆጠሩም።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ወርኃዊ ክፍያው ከሦስቱ የሁለት ክፍሎችን ኪራይ ብቻ እንዳይበልጥ፣ ማለትም በዚህ ስሌት ብድሩ ወደ 700,000 ብር ዝቅ እንዲል ነው። ገንዘቡ ካልበቃ የሦስቱንም መሠረት አውጥተው ሁለቱን ብቻ ይጨርሱ፤ ሦስተኛው በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገቡ የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ የቱን ያህል እንደተለወጠ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ካቻምና የወጣ የዋጋ ግምት ይዘው ባንክ አይሂዱ። ከመፈረምዎ በፊትም ግንባታው እስኪያልቅ የብድሩ ክፍያ የማይጀመርበት የእፎይታ ጊዜ ይሰጥ እንደሆነ፣ ወለዱስ በመካከል ይቀየር እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ካርታና የግንባታ ፈቃድ ሳይሟሉ የሚጀመር ሥራ ደግሞ ብድሩንም ቤቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ጥያቄ፦ በዕቁብ ብሠራስ?

መልስ፦ ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ነገር ግን ዕጣው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ግድግዳና ጣሪያ ዝናብ ሳይመጣ ማለቅ ስላለባቸው ለእነሱ አይመችም። በርና መስኮት፣ ሮቶ፣ የወለል ንጣፍ ግን ዕጣ እስኪወጣ ሊጠብቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ደላላው «የስድስት ወር ቅድሚያ ካልተቀበልሽ ተከራይ ይጫወትብሻል» ይለኛል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፣ እህቴ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ሊመዘገብ ይገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ይሆናል፤ በመሆኑም የመጀመሪያውን ኪራይ «በኋላ እጨምራለሁ» ብለሽ አትወስኚ። ብዙ አከራዮች ሕጉን እንደ ጠላት ያዩታል። እኔ ግን የባንክ ደረሰኙና የተመዘገበው ውል በክርክር ጊዜ ከማንኛውም ሽማግሌ በላይ ሲጠቅሙኝ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤቴ ለገጣፎ ነው። ውሉን አዲስ አበባ ላስመዝግብ?

መልስ፦ አይሆንም። ለገጣፎ በሸገር ከተማ፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር ስለሆነ የሚመለከትዎት የዚያው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነው፤ አሠራሩንም ከዚያው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የኪራይ ገቢ ግብርስ?

መልስ፦ የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በሠንጠረዥ «ለ» ይታያል፤ አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የቆየውን ማስከፈያ ልክ ይዘው አይዘጋጁ። የኪራዩን አንድ አሥረኛ በየወሩ ለይቶ ማስቀመጥ ሐምሌ ሲደርስ ከመደናገጥ ያድናል፤ ከዚያ በላይ የሚጠየቁ ከሆነ የጎደለውን መሙላት አይከብድም።

ጥያቄ፦ ኪራዬ ከጎረቤት ያነሰ ሆኖ ሳለ ተከራዮች ቶሎ ቶሎ ይለቁብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ውኃዎን ይመልከቱ። በእኛ አካባቢ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፣ ተከራይ ከግድግዳው ቀለም ይልቅ በሮቶው ይቆያል ወይም ይሄዳል። በአንድ ወቅት ሁለት ተከራዮች በተከታታይ ለቀቁብኝ፤ ሁለቱም «ሥራ ቦታዬ ራቀኝ» ብለው በትሕትና ተሰናበቱኝ። ሦስተኛዋ፣ ሕፃን የነበራት እናት፣ አንድ ጠዋት ጆግ ሙሉ ውኃ ይዛ መጥታ «እማማ፣ ይህን ይዩልኝ» አለችኝ። ከጆጉ ሥር ቀይ ደለል ተኝቶ ነበር። ሮቶውን ከፍተን ስናየው ደለሉ እስከ መውጫው ቧንቧ ደርሷል፤ ውኃው ሲሞላ የሚዘጋው ተንሳፋፊም ተሰብሮ፣ ሌሊት በፈረቃ የሚመጣው ውኃ በትርፉ ቱቦ እየፈሰሰ ያልቅ ነበር። ለጽዳቱና ለተንሳፋፊው ያወጣሁት ወጪ የአንድ ክፍል የአንድ ወር ኪራይ እንኳ አልሞላም፤ ሁለቱ ክፍሎች ባዶ በቆዩበት ጊዜ ያጣሁት ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ ሮቶውን አሳጥባለሁ፤ ቀኑንም ኪራይ በምመዘግብበት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ያቺ እናት ዛሬም እዚያው ክፍል ናት፤ ልጇም ትምህርት ቤት ገብቷል።