አፈር የመለስንበት ጭረት

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሁሉ ከመሬት በታች ገብተውብኛል፤ የሚጠይቁኝ ስለ ነዳጅና ጋዝ ቧንቧ ነው። ባለፈው እትም ስለ ብየዳ ጭስ ስጽፍ፣ በወጣትነቴ በአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ፣ ኋላም በሳዑዲ ዐረቢያ የነዳጅና የጋዝ መስመር ላይ መሥራቴን በአንዲት ዐረፍተ ነገር ጠቅሼ ነበር። ጣጣውን ያመጣችው ያቺ ዐረፍተ ነገር ናት። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው፤ የሥራ ጓደኞቼ የሰፈሬን ስም ሲሰሙ «ላንተስ ገና ስትወለድ ቧንቧ ተጽፎልሃል» ይሉኝ ነበር። ወደ ጥያቄዎቹ ልግባ።

«ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የምሠራ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ነኝ። የውኃ መስመር ቦይ እየቆፈርን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቦዩ በአንድ የነዳጅ ማከማቻ አጥር ጥግ ያልፋል፤ እዚያ ሥር የነዳጅ ቧንቧ እንዳለ ይነገራል። ፎርማናችን ‹ቧንቧው የተቀበረው 1 ሜትር ተኩል ወርዶ ነው፤ የእኛ ቦይ 80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ምን ያስፈራሃል?› ይለኛል። እውነት የሚያስፈራ ነገር የለም?» — ኦፕሬተሩ፣ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ፎርማንህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ 1 ሜትር ተኩሉን የለካው ማን ነው? መቼ? ወረቀት ላይ የሰፈረ ጥልቀት ቧንቧው በተቀበረበት ቀን የነበረው ጥልቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አልፏል? የኮምቦልቻን ጎርፍ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ፤ ከተራራው አፈሩን ይዞ ይወርድና አንዱ ጋ ይከምራል፣ ሌላው ጋ ይግጣል። ግሬደርም መንገድ ሲጠርግ ከላይ ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ላጭቶ ይሄዳል። የዛሬ ሃያ ዓመት 1 ሜትር ተኩል የነበረው ዛሬ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አልደነቅም።

ጥልቀቱ ብቻ አይደለም፤ አቅጣጫውም አይታመንም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 በካሊፎርኒያ፣ ዋልነት ክሪክ በምትባል ከተማ ልክ እንዳንተ የውኃ መስመር የሚዘረጉ ሠራተኞች ነበሩ። በአጠገባቸው የሚያልፈው የነዳጅ ቧንቧ በምልክት ተለይቶ ነበር። ችግሩ፣ ቧንቧው አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ መታጠፉ ግን መሬት ላይ አልተመለከተም። ኤክስካቫተሩ መታው፤ በግፊት የተፈናጠረው ነዳጅ በአቅራቢያው ከነበረው የብየዳ እሳት ጋር ተገናኘ። 5 ሠራተኞች ሞቱ። ምልክት የነበረበት ቦታ ላይ መሆኑን ልብ በልልኝ።

እንግዲህ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር። በመጀመሪያ ከማከማቻው ሰዎች የቁፋሮ ፈቃድ በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ፈቃዱ ላይ የቧንቧው ሥዕል፣ በውስጡ የሚያልፈው ነገር ዓይነት፣ የግፊቱ መጠንና ቧንቧውን መዝጋት የሚችለው ሰው ስልክ መኖር አለበት። ይህ ሳይመጣ የማሽኑን ቁልፍ አላዞርም። ሁለተኛ፣ ቧንቧ ፈላጊ መሣሪያ ያለው ሰው መጥቶ መስመሩን በኖራ ወይም በችካል እንዲያመለክት አደርጋለሁ። ሦስተኛውን ነገር ሰው ሁሉ ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እርሱን ነው፤ በእጅ የሚቆፈር የሙከራ ጉድጓድ። ቧንቧው አለበት በተባለው ቦታ ላይ አግድም፣ በአካፋ ብቻ ይቆፈራል። ዶማ ተከልክሏል፤ ዶማ ለቧንቧ ልባስ ምሕረት የለውም። ቧንቧውን በዓይንህ እስክታየው ድረስ አለ ማለትም የለም ማለትም አትችልም። ቀጥ ባለው ላይ አንድ ቦታ አይተህ እንዳትረካ፣ ቦይህ ከቧንቧው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ከሆነ በየተወሰነው ርቀት መድገም ነው። ዋልነት ክሪክ የጎደለው ይኸው ነበር።

ስትቆፍር አፈሩን አንብበው። ይህን ያስተማረኝ አሰብ ላይ የነበረ አንድ አሮጌ ቧንቧ ሠሪ ነው። ቧንቧ ሲቀበር አብዛኛውን ጊዜ በአሸዋ ይታቀፋል። በኮምቦልቻ ጥቁር መረሬ ውስጥ ድንገት ነጣ ያለ አሸዋ ብቅ ካለ፣ ያንን አሸዋ ሰው ነው ያመጣው። ቀድሞ የተቆፈረ አፈርም ከዙሪያው ይልቅ ይላላል፤ አካፋው በቀላሉ ሲገባልህ ደስ አይበልህ። ቢጫ የፕላስቲክ ጥብጣብ ካየህ ደግሞ ቧንቧው ከሥሩ ነው፤ እጅህን አንሣ። አንዳንዱ መስመር ግን ጥብጣብም አሸዋም የለውም፤ አለመታየቱ ዋስትና አይሆንህም።

ቧንቧው ከታየ በኋላ ማሽንህ በሜትሮች ርቀት ይቁም። በውጭ አገር የሠራሁባቸው ቦታዎች 3 ሜትር ይሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ፣ የባለቤቱ ሰው እዚያው ቆሞ እያየ። ጥርስ ያለውን ባልዲ አውልቀህ ልሙጡን አድርግ። ቦዩ ዳር ቆሞ ዓይኑን ከባልዲው ጫፍ የማይነቅል አንድ ሰው ይኑርህ፤ ስልክ የሚያወራ ሰው ግን አይሁን። ገልባጭ መኪናዎች በቧንቧው ላይ መሻገር ካለባቸው ወፍራም የብረት ሳህን ወይም የኮንክሪት ንጣፍ ይደረግ። ሮለሩም ንዝረቱን ያጥፋ።

ከተመታስ? ከማሽኑ ወርደህ ሂድ፤ ሞተር ለማጥፋትም ለማስነሣትም አትቆይ። በማከማቻ አጥር ሥር ያለ ቧንቧ የአገር አቋራጩን ያህል ግፊት አይኖረውም፤ ቤንዚን ግን የትም ቤንዚን ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በቦዩ ውስጥ እየተሳበ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ነፋሱ ፊትህን እየመታህ፣ ወደ ከፍታው ሽሽ። ስልክህን ከራቅህ በኋላ አውጣ። ቀዳዳውን በጨርቅ ልወትፍ፣ ቫልቭ ልዝጋ፣ አፈር ላልብስ አትበል። ፎርማንህ «ተመለስና ማሽኑን አውጣው» ካለህ፣ ማሽን ይገዛል።

«ጋሼ፣ በኮምቦልቻ የቴክኒክ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ‹ቧንቧን የነካ ሰው ባያፈስስም ማሳወቅ አለበት› ይላል። ካላፈሰሰ ምን ችግር አለው? ብረት እኮ ወፍራም ነው።» — ተማሪዋ

እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ ስላነሣሽ አመሰግናለሁ፤ እኔም ሠላሳ ዓመት ሲቆረቁረኝ የኖረ ነገር ነው።

መጀመሪያ ብረቱን። የመኪና ጎማ ውስጥ ያለው አየር ወደ 2 ባር ተኩል ነው። የጋዝ ዋና መስመር ግን 70 ወይም 80 ባር ይሸከማል። ብረቱ ያንን የሚችለው ክብ ስለሆነና ውፍረቱም በሁሉም በኩል እኩል ስለሆነ ነው። የባልዲ ጥርስ ጨረፍ አድርጎ ጭረት ሲተውበት፣ ወይም ገፍቶ ጎድጎድ ሲያደርገው፣ ያ ሁሉ ግፊት በዚያች ጠባሳ ላይ ይሰበሰባል። ግፊቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጠባሳዋ እንደ ፀጉር ትሰነጠቃለች፣ ነገ ትንሽ ትጨምራለች። ልባሱም ከተላጠ እርጥበት ይገባና ዝገት ይጀምራል። ባለቤቶቹ ቧንቧውን ከዝገት ለመጠበቅ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሰዱበታል፤ ቢሆንም ጉዳቱን ካላወቁ የት እንደሚፈልጉ አያውቁም።

በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ቤሊንግሃም ከተማ የሆነውን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአንድ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ቁፋሮ ሲካሄድ የቤንዚን ቧንቧ ተነካ። አልፈሰሰም፤ አፈሩ ተመለሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 10 ቀን 1999፣ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ሲጨምር ከዚያው አካባቢ ተቀደደ። ወደ 900 ሺህ ሊትር የሚጠጋ ቤንዚን ወደ ወንዝ ገባና ተቀጣጠለ። ሁለት የ10 ዓመት ልጆችና ዓሣ ሊያጠምድ የወጣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞቱ። በቤልጂየም፣ ጊስለንጊያን ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2004 በሥራ ማሽን ቀድሞ የተጎዳ የጋዝ መስመር ፈንድቶ 24 ሰዎችን ገደለ፤ ከእነርሱም መካከል ጥሪ ሰምተው የመጡ እሳት አጥፊዎች ነበሩ።

አሁን የራሴን። በ1986 ዓ.ም. በሳዑዲ በረሓ ውስጥ ቦይ ዳር ቆሜ ባልዲ የምጠብቀው እኔ ነበርሁ። ኦፕሬተሩ ሱዳናዊ ጓደኛዬ ነው፤ ሻይ የምንጠጣው ከአንድ ብርጭቆ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት፣ ዕለቱ ሊያልቅ ሲል፣ የባልዲው ጥርስ ጋዝ የሚያልፍበትን ቧንቧ ጨረፈው። ወርጄ አየሁት። መዳፍ የሚያህል ልባስ ተላጥቷል፤ ብረቱ ላይ ጥፍር የጫረው የሚመስል መስመር አለ። አያፏጭም፣ አይሸትም። (ባይሸት ምንም ማለት አይደለም፤ በብዙ ዋና መስመሮች ውስጥ ያለው ጋዝ ሽታ አይጨመርበትም።) ተያየን። እርሱም እኔም አንድ ቃል ሳንናገር አፈሩን መለስንበት።

ያን ምሽት ራት አልበላሁም። ከዒሻ ሶላት በኋላም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያስፈራኝ ፍንዳታው አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ስለ ፍንዳታው ብዙም አላውቅም ነበር። የከበደኝ ያን አፈር የመለስሁበት አካፋ ነው። ጎሕ ሲቀድ ለተቆጣጣሪው ሄጄ ነገርሁት። የመስመሩን ግፊት ቀነሱ፣ ቆፈሩ፣ ጭረቱን ለኩ፣ አለስልሰው በብረት መቀነት አሰሩት።

እኔን የሁለት ወር ደመወዜን ቀጡኝ። ጓደኛዬን ወደ አገሩ ሸኙት። ሲሄድ አልተሰናበተኝም፤ አልፈረድሁበትም። የምፈርደው በድርጅቱ ላይ ነው። በዚያ ቀን ካምፑ ውስጥ የነበረ ሠራተኛ ሁሉ ከእኛ ቅጣት የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ከነካህ አፈር መልስበት። ከዚያ በኋላ በቀሩት ሁለት ዓመታት ሌላ «ነካሁ» ብሎ የመጣ ሰው አላየሁም። ማንም አልነካም ብዬ አላምንም።

ስለዚህ መምህርሽ ልክ ነው፤ አንቺ ደግሞ ነገ አለቃ ትሆኛለሽና፣ ሊነግርሽ የመጣውን ሰው ቡና ጋብዢው። ከዚያ ቆፍሪ።

«ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። ቦቴ ሲገለበጥ የሰፈሩ ልጆች ጀሪካን ይዘው ይሮጣሉ። ቧንቧም ቢፈስ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ምን ብዬ ላስቁማቸው?» — ባለሱቁ

ነዳጃችን ከጅቡቲ የሚመጣው በቦቴ ስለሆነ፣ ለእኛ አገር ከቧንቧው ይልቅ ይህ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2011 በናይሮቢ፣ ሲናይ በምትባል የድሆች መንደር ከቧንቧ ወደ ጎርፍ መውረጃ የገባ ቤንዚን ለመቅዳት ሰው ተሰበሰበ፤ ተቀጣጠለና 100 ያህል ሰው አለቀ። ይህን ንገራቸው። ካልሰሙህ ሱቅህን ዝጋና ዳገቱን ውጣ፤ ምድጃህን አጥፍተህ። አንተ ስትሸሽ ካዩ አንዳንዱ ይከተልሃል።

«ልጄ ሳዑዲ የጋዝ ቧንቧ ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል። ዓርብ ዓርብ ይደውልልኛል። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ ምን ብዬ ልጠይቀው?» — የደሴ እናት፣ ሰኞ ገበያ

እትዬ፣ ሁለት ነገር ይጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ጠዋት ጠዋት የሚያስፈርሙት ወረቀት በሚያነበው ቋንቋ ነው ወይ? እኔ ዓመት ሙሉ በዐረብኛ የተጻፈ ፈቃድ ሳላነብ ስፈርም ኖሬያለሁ፤ ምን እንደፈረምሁ ያወቅሁት አንድ ግብፃዊ ሲያነብልኝ ነው። ሁለተኛ፣ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት ጋዝ የሚለካ ሰው መሣሪያውን በገመድ አውርዶ ይለካል ወይ? አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ከምሳ በኋላም? «አዎ» ካለዎት ስለ ጤናውና ስለ ምግቡ ይጠይቁት። «ስንቸኩል ይቀራል» ካለዎት ግን ስልኩን አይዝጉት፤ የምድቡ አለቃ ማን እንደሆነ፣ ከየት አገር እንደመጣ ይጠይቁትና ይጻፉልኝ፤ ልጅዎ ሳይጣላ እንዴት እንደሚናገር በሚቀጥለው እትም እጽፍልዎታለሁ።